ኳሷን የጣለው ሠላሳ ስድስት ቁጥር አልነበረም

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 16 ቀን 2019። በደብተሩ የዚህ ቀን ገጽ አልተሞላም። ከላይ የተጋጣሚው ቡድን ስም አለ። ከሥሩ «ነፋሱ ከሰሜን ምዕራብ፣ ቀላል። ሣሩ ደረቅ።» ይላል። ቀጥሎ የባስኮም ኮሌጅ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን ሃያ ሁለት ተሰላፊዎች በሁለት ዓምድ ከነቁጥራቸው ተዘርዝረዋል። ከዚያ በታች ሠላሳ አንድ ባዶ መስመር አለ። ጽሑፉ በእርሳስ ነው፤ እስከ መጨረሻው ስም ድረስ ፊደሉ አልተዛባም። ጨዋታው ሊጀመር ሃያ ደቂቃ ሲቀረው፣ በምሥራቁ መቀመጫ አሥራ አራተኛ ረድፍ ላይ፣ የሆሊስ ባግዌል ልብ ቆመ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነበር።

የኮሌጁን መዛግብት የምጠብቀው እኔ ስለሆንኩ ደብተሩ ወደ እኔ መጣ። ሃምሳ አንደኛው ነው። ሃምሳዎቹ ቀድመው መደርደሪያ ላይ ነበሩ፤ ከ1969 ጀምሮ ለአንድ የውድድር ዘመን አንድ ደብተር። ስለ ሰውዬው የማውቀውን እዚህ አሰፍራለሁ። በዓይኔ ያላየሁትን ከማን እንደሰማሁ እናገራለሁ።

ሆሊስ ባግዌል የተወለዱት በ1941፣ ከጥጥ መዳመጫው ማዶ ባለች ቤት ነው። ራሳቸው ኳስ ተጫውተው አያውቁም፤ በወጣትነታቸው ነፋስ የሚያጎብጣቸው ቀጭን ነበሩ። ሠላሳ አንድ ዓመት በገጠሩ መንገድ ፖስታ አደሉ። ሚስታቸው ራሞና በ2008 ሞተች፤ ልጅ አልነበራቸውም። የፖስታ ሥራ አንድ ነገር አስተማራቸው፤ ሰውን ፊቱ ሳይታይ በአካሄዱ መለየት። ከግማሽ ማይል ርቀት ወደ ፖስታ ሳጥኑ የሚያዘግመው ማን እንደሆነ፣ የትኛው ጉልበቱ እንደሚያመው ጭምር ያውቁ ነበር። ኮሌጁ ጠቋሚ አድርጎ የወሰዳቸው በዚህ ምክንያት ነው።

ጠቋሚ ከስታዲየሙ አናት ባለችው ክፍል ከአስተዋዋቂው ጎን ይቀመጣል። ከፊቱ የተጫዋቾች ስም የተለጠፈበት ሰሌዳ አለ። ኳሷን አቅፎ የሮጠው ማን ነው፣ ሯጩን ጠልፎ ያቆመው ማን ነው፣ በባይኖኩላር አይቶ ጣቱን ስሙ ላይ ያሳርፋል። አስተዋዋቂው የሚያየው ሜዳውን ሳይሆን ጣቱን ነው። ጣቱ ያረፈበት ስም በድምፅ ማጉያ ይወጣል፣ በይፋዊው መዝገብ ይሰፍራል፣ በማግስቱ ጋዜጣ ላይ ይታተማል። ሆሊስ ይህን ሥራ እስከ 2003 ድረስ ሠላሳ አራት ዓመት ሠሩ። ከዚያ በኋላ እንደማንኛውም ደጋፊ ወደ መቀመጫዎቹ ወረዱ፤ መጻፋቸውን ግን አልተዉም።

ሰኞ ጠዋት ቁርስ የሚበሉት በጁዌል ምግብ ቤት ነበር። ከኩሽናው በር አጠገብ ያለው ክብ ጠረጴዛ በውድድር ወራት የደጋፊዎቹ ነው። ትኩስ ብስኩት፣ ያ ለስላሳ ትንሽ ዳቦ፣ በነጭ ስጎ ይመጣል፣ ከዚያ የቅዳሜው ጨዋታ ይመረመራል። ለእያንዳንዱ ተሰላፊ እንደ ትምህርት ቤት ከኤ እስከ ኤፍ ውጤት ይሰጣል። አንድ ሕግ አላቸው፤ ጨዋታው ሳያልቅ ወደ መኪናው የሄደ ሰው ውጤት መስጠት አይችልም። ክርክር ከተነሳ የሆሊስ ደብተር ይገለጣል፣ ክርክሩም በዚያው ያበቃል።

ከሁሉ ጎልቶ የሚናገረው ቡፎርድ ላንግሊ ነበር። የጣሪያ ሥራ ድርጅት ያለው፣ ሃምሳ ስድስት ዓመት የሞላው ሰው ነው። ከጠረጴዛው ሰዎች ለባስኮም የተጫወተ እሱ ብቻ ስለሆነ ቃሉ ይከበራል። ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሹፌር ካርል ሬይ ፒትስ ደግሞ ላንግሊ ያለውን ሁሉ ትንሽ አሳንሶ ይደግመዋል።

የ2019 ዘመን ክፉ ነበር። ከዘጠኝ ጨዋታ ሦስት ብቻ ነው ያሸነፍነው። ወርዋሪው ኮልቢ ራስክ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነው፤ ኳሷን ሃምሳ ያርድ ይልካታል፣ የት እንደምታርፍ ግን እሱም አያውቅም።

«ክንዱ መድፍ ነው» አለ ላንግሊ አንድ ሰኞ። «መድፈኛው ነው የጎደለው።»

ጁዌል ቡና እየቀዳች ነበር። «አንተ ባለፈው የእኔን ጣሪያ ስትሠራስ መድፈኛው የት ሄዶ ነበር? ዛሬም ባልዲ አስቀምጬ ነው የምተኛው።»

ሆሊስ ለራስክ ሲ ሰጡት። ከአሥራ አንድ የሳቱ ውርወራዎች ሰባቱን እግሩ ሳይረጋ እንደወረወራቸው ከደብተራቸው አነበቡ። «ክንዱን ተዉት፤ እግሩን ያስተምሩት» አሉ። ስለ ሰው ድካም ሲናገሩ እንደዚህ ነበሩ፤ የት ላይ እንደሆነ ለይተው ያሳያሉ እንጂ ሰውዬውን አይጥሉትም።

የዘመኑ ትልቁ መነጋገሪያ ግን ተቀባዩ ዴሞን ፊች ነበር። ፈጣን ነው፤ እጁ ግን አይታመንም። ፊች ኳስ ባመለጠው ቁጥር ካርል ሬይ ራሱን ነቅንቆ «ዛሬም ስቶቫል ሆነ» ይላል፣ ጠረጴዛው ይስቃል። ይህ አባባል የመላ ከተማው ነው። እናቶች ሳህን ለሰበረ ልጅ ይሉታል፣ ካህኑ ሳይቀር አንድ ጊዜ በስብከት ላይ ብሎታል። በጽሑፍ መጀመሪያ ያገኘሁት በኦክቶበር 1984 የተማሪዎች ጋዜጣ ላይ ነው። አባባሉ የመጣው ከአንድ ሰው ስም ነው፤ የሰውዬው እናት ደግሞ ከጁዌል ቤት አራት ማይል ርቀት ላይ ይኖራሉ።

ዊንደል ስቶቫል በ1983 ሠላሳ ስድስት ቁጥር ለብሶ ለባስኮም ይሮጥ ነበር። ኖቬምበር 19 ቀን ቅዳሜ ከትሬድዌል ጋር በተደረገው የመጨረሻ ጨዋታ ሦስት ቀን ያለማቋረጥ ዘንቦ ሜዳው ጭቃ ሆኖ ነበር። አሥራ ሰባት ለአሥራ ሦስት ተበልጠን ሳለ አርባ ሰከንድ ቀረ፤ ኳሷ ከግቡ መስመር ሁለት ያርድ ላይ ነበረች። ያቺን ሁለት ያርድ ብንሻገር ከ1951 ወዲህ የመጀመሪያው ዋንጫ የእኛ ነበር። አሰልጣኙ ኳሷ ለስቶቫል እንድትሰጥ አዘዘ። ሁለት ሯጮች ተከታትለው ወደ ተጫዋቾቹ ክምር ገቡ፣ ኳሷ ወደቀች፣ ትሬድዌሎች ላይዋ ተኝተው ወሰዷት። የሆሊስ ጣት ስቶቫል የሚለው ስም ላይ አረፈ። ድምፅ ማጉያው «ስቶቫል ጣላት» አለ። ሰባት ሺህ ሰው ሰማ።

የዚያን ጊዜው ወርዋሪ በዚያ ቅጽበት ጭንቅላቱን ተመትቶ ስለነበር የመጨረሻውን ሩብ ጨርሶ አላስታወሰም። የእኛ ካሜራ ውኃ ገብቶበት ፊልሙ ተበላሽቶ ነበር። ማንም ምንም አልጠየቀም። ስቶቫል በጃንዋሪ ወር ለሁለተኛው መንፈቅ ሳይመዘገብ ቀረ። ወደ ሞቢል ወርዶ መርከብ በሚሠራበት ቦታ በያጅ ሆነ፤ እዚያው በ2011 በአርባ ስምንት ዓመቱ ሞተ። የሞቱ ማስታወቂያ አራት መስመር ነው። ኮሌጁ አልተጠቀሰም።

በ2019 መጀመሪያ የትሬድዌል የቀድሞ አሰልጣኝ ባለቤት ከባሏ የቀሩ የጨዋታ ፊልሞችን በካርቶን ላከችልን። ሆሊስ ሰኞ ሰኞ ከቁርስ በኋላ እኔ ዘንድ እየመጡ በፊልሞቹ ላይ ያሉትን ተጫዋቾች ይለዩልኝ ነበር። ጃንዋሪ 28 ቀን ተራው የ1983ቱ ሆነ። የተቀረጸው ከማዶ፣ ከትሬድዌል ደጋፊዎች በኩል ነው። ያቺን ሁለት ያርድ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ እየመለሱ አዩዋት። እኔ ከጎናቸው ሌላ ሥራ ስሠራ ነበር፤ ቆጥሬያለሁ።

ጭቃው ቁጥሮቹን ሁሉ ሸፍኗቸዋል። ሠላሳ ስድስትና ሠላሳ ስምንት አይለዩም። ነገር ግን ኳሷን አቅፎ ቀድሞ የገባው ሯጭ ግራ ጫማው በነጭ ፋሻ ተጠቅልሏል፣ ከኋላው የተከተለው አልተጠቀለለም። ሆሊስ ተነሥተው የራሳቸውን የ1983 ደብተር ከመደርደሪያው አወጡ። በመጀመሪያው ሩብ ገጽ ላይ በገዛ እጃቸው ጽፈውታል፦ «38 ላንግሊ፣ ግራ ቁርጭምጭሚቱ ዞረ። በጫማው ላይ ነጭ ፋሻ አደረጉለት።»

ወርዋሪው ተሳስቶ ኳሷን የሰጣት ከፊቱ ቀድሞ ላለፈው ሯጭ፣ ሆዱ ላይ ነበር። ያ ሆድ የቡፎርድ ላንግሊ ነው።

ሆሊስ ደብተሩን ዘግተው ወደ መደርደሪያው መለሱት። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦ «ሚስ ኮሪን፣ ያን ቀን ያየሁትን አይደለም የጠቆምኩት። የጠበቅሁትን ነው። ኳሷ ለስቶቫል እንደምትሰጥ አውቅ ነበር፤ ስለዚህ ስቶቫልን አየሁ።» ሌላም ጨመሩ። ስቶቫል ጥቁር ነበር፣ ላንግሊ ነጭ ነው። ነገሩ ተገልብጦ ቢሆን ኖሮ፣ ጣታቸውን ከማሳረፋቸው በፊት ሁለተኛ ያዩ ነበር ወይ ብለው ራሳቸውን ጠየቁ። መልሱን አልነገሩኝም። ጥያቄውን ግን የጠየቁት እሳቸው ስለሆኑ ጻፍኩት።

በዚያው ሰዓት መዝገቡ እንዲታረም ጠየቁኝ። እኔ እምቢ አልኩ።

ደንብ አለን፤ ያወጣሁትም እኔ ነኝ። ይፋዊ ውጤት የሚታረመው በሁለት ምስክር ነው። ፊልሙን ያነበቡት ሆሊስ ናቸው፣ ደብተሩን የጻፉት ሆሊስ ናቸው፤ ሁለቱም አንድ ሰው ነው ብዬ ተከራከርኩ። ሜዳ ላይ የነበረ ሌላ ሰው ያምጡልኝ አልኳቸው። አልተቆጡም። የማረሚያውን ቅጽ ወሰዱ፣ የራሳቸውን መስመር ፈረሙ፣ ሁለተኛውን ፍለጋ ወጡ። በዚያን ጊዜ ሚስ ኦዴሳ ስቶቫል፣ የዊንደል እናት፣ ዘጠና አንድ ሊሞላቸው ሦስት ወር ቀርቷቸው ነበር። ሆሊስ የፈለጉት አንድ ነገር ነው፤ ልጃቸው ኳሷን እንዳልጣለ እኚህ ሴት በሕይወት እያሉ እንዲሰሙ። ግማሽ ነገር ይዘው ደጃቸው መቆም ስላልፈለጉ ወረቀቱ እስኪያልቅ ሊጠብቁ ወሰኑ። ጥንቃቄውን ከእኔ ነው የወሰዱት።

አሥር ወር ፈጀ። አሰልጣኙ በ1996 ሞቷል። ወርዋሪው በርሚንግሃም ውስጥ በአረጋውያን ቤት ነው፤ ሆሊስ ሄደው ቢያነጋግሩት ስማቸውን ሦስት ጊዜ ጠየቃቸው። ከመስመሩ መሀል ይሰለፍ የነበረው ሰው ከቴክሳስ «ፊቴ ጭቃ ውስጥ ነበር፣ የሰማሁት የራሴን ትንፋሽ ብቻ ነው» ብሎ ጻፈ። በማርች ወር ሆሊስ ነገሩን ጁዌል ቤት ጠረጴዛ ላይ አንድ ጊዜ አንሥተውት ነበር፤ ካርል ሬይ «ሚስተር ሆሊስ፣ መነጽሮን ይቀይሩ» ብሎ አሳቀባቸው። ላንግሊ አልሳቀም። ቡናውን ሲያማስል ቆየ፤ ስኳር አልጨመረበትም ነበር ብላ ጁዌል በኋላ ነገረችኝ።

የቀረው ላንግሊ ብቻ ነበር። ሆሊስ እሱን መጨረሻ ያደረጉት ሃያ ዓመት አብረው ቁርስ ስለበሉ ይመስለኛል።

ኖቬምበር 9 ቀን ባስኮም በሦስት ነጥብ ተሸነፈ። ፊች በመጨረሻው ደቂቃ ደረቱ ላይ የመጣችለትን ኳስ ጣላት። ሰኞ፣ ኖቬምበር 11፣ ጠረጴዛው በስቶቫል ስም እንደተሞላ ነበር ያረፈደው። ሆሊስ ለፊች ዲ ሰጡት፤ ምክንያታቸውን ግን እንደ ወትሮው አላነበቡም። ሰዉ ሲበተን ላንግሊን ተከትለው ወደ መኪናው ሄዱ። የተነጋገሩትን ከሁለቱም ሰምቼዋለሁ፤ ከአንድ ነጥብ በቀር ይገጣጠማል።

«ቡፎርድ፣ ያቺን ኳስ የያዝካት አንተ ነበርክ» አሉት።

«ሆሊስ፣ ሠላሳ ስድስት ዓመት አልፎታል እኮ።»

«ሚስ ኦዴሳ ዘንድ አላለፈም።»

«ልጁ ሞቷል።»

«እናቱ አልሞቱም።»

ላንግሊ የመኪናውን በር ከፍቶ እንደያዘ ቆመ። «የጠቆምከው አንተ ነህ» አለ። «ከክምሩ ሥር ስወጣ ስሙ ቀድሞ ተጠርቶ ነበር። የሃያ ዓመት ልጅ ነበርኩ። እኔን ማንም አልጠየቀኝም።»

«ይኸው እኔ ጠየቅሁህ።»

እንደ ሆሊስ አነጋገር ላንግሊ ምንም ሳይመልስ መኪናውን አስነሣ። ላንግሊ ግን «የሚቀጥለው ሳምንት እንነጋገር ብዬዋለሁ» ይላል። የትኛው እንደሆነ አላውቅም።

ማክሰኞ ሆሊስ ቅጹን ይዘው እኔ ዘንድ መጡ። አንዱ መስመር ተፈርሟል፣ ሁለተኛው ባዶ ነው። ከጠረጴዛዬ ማዶ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ።

«ሚስ ኮሪን፣ ሴትየዋ ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነው» አሉኝ። «ያንቺ ደንብ ስንት ዓመቱ ነው?»

አሥራ አንድ አልኳቸው። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ላንግሊ ክፉ ሰው አይደለም፣ አንድ ሳምንት ቢታገሡት ይፈርማል ብዬ መከርኳቸው። ቅጹን ጠረጴዛዬ ላይ ትተውት ሄዱ። በሕይወት ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ያን ቀን ነው።

አልታገሡም። ሐሙስ፣ ኖቬምበር 14፣ ወደ ሚስ ኦዴሳ ቤት ነዱ። ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ሚስ ኦዴሳ ናቸው፤ በዲሴምበር ሁለት ጊዜ ሄጄ ጠይቄያቸው ሁለቱንም ጊዜ አንድ ዓይነት ተናግረዋል። ሆሊስ ያንን መንገድ በደንብ ያውቁት ነበር። ዊንደል ከሞቢል ለእናቱ የጻፋቸውን ደብዳቤዎች ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ያደረሱት እሳቸው ነበሩ። በዓመት ሁለት ነበሩ፤ በፋሲካና በልደታቸው ቀን።

ሚስ ኦዴሳ በረንዳቸው ላይ ብርድ ልብስ ደርበው ተቀምጠው ነበር። ሆሊስ ኮፍያቸውን አወለቁ። መቀመጫ ቢሰጧቸውም አልተቀመጡም። ምንም ሳይሸፋፍኑ ተናገሩ፤ ኳሷን የያዘው ላንግሊ እንደነበር፣ የተሳሳተው ጣት የእሳቸው እንደሆነ፣ ከጃንዋሪ ጀምሮ እያወቁ ሳይመጡ እንደቆዩ።

 ሚስ ኦዴሳ ጠየቁ፦ «እርግጠኛ ነዎት፣ ሚስተር ሆሊስ?»

«እርግጠኛ ነኝ፣ ሚስ ኦዴሳ።»

«ወረቀት ላይ ሰፍሯል?»

«ገና ነው።»

«ልጄ ያን ዕለት ሲመሽ መጥቶ እዚህ ቆመ» አሉ፤ ሆሊስ የቆሙበትን ጣውላ በአገጫቸው እያመለከቱ። «ጭቃው ከላዩ አልታጠበም ነበር። ‹እማ፣ ኳሷ እጄ አልገባችም› አለኝ። እኔ ደግሞ ከስታዲየም ነው የመጣሁት። ስሙ ሲጠራ በሁለት ጆሮዬ ሰምቻለሁ። ‹የኔ ልጅ የሠራውን አይክድም፤ እንደ ወንድ ተሸከመው› አልኩት።»

ሆሊስ ወደ ጣውላው አቀረቀሩ።

«ሁለተኛ አላነሣውም» አሉ ሚስ ኦዴሳ። «ሃያ ስምንት ዓመት ሲጽፍልኝ አንድም ቀን አላነሣውም። እኔም እንዳፈረ አድርጌ ወሰድኩት።»

ይቅር ብለዋቸው እንደሆነ ሚስ ኦዴሳን አልጠየቅኋቸውም። እሳቸውም አልነገሩኝም። ያሉኝ ይህን ነው፤ ሰውዬው መሄድ አቅቷቸው፣ መቆምም አቅቷቸው እንደ ተገተሩ ስላዩ፣ በረንዳው ጥግ ያሉትን ሁለት ጆንያዎች አሳዩዋቸው። ከግቢው ዛፍ የረገፈ ፒካን፣ ቅርፊቱ ጠንካራ የሆነ የለውዝ ዓይነት ፍሬ ነው። የእህታቸው ልጅ ለቅሞላቸው፣ መኪናው ተበላሽቶበት ወደ ቅርፊት መሰንጠቂያው ሳይወስደው ሳምንት አልፎታል። ሆሊስ ነገ እወስደዋለሁ አሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ እጽፋለሁ። ቅዳሜ አስከሬናቸው ከመቀመጫው ሲወርድ ሰው ሁሉ ቆሞ ነበር፤ ጨዋታው በሠላሳ ደቂቃ ዘግይቶ ተጀመረ። ባስኮም ሃያ አራት ለሃያ አሸነፈ። የመጨረሻዋን ኳስ የያዘው ዴሞን ፊች ነው። ሰኞ ጁዌል ቤት ክብ ጠረጴዛው ላይ ውጤት የሚጽፍ ሰው አልነበረም። ካርል ሬይ «ፊች ያቺን ኳስ መጀመሪያ ሲነካት ልትወድቅ ነበር፤ ስቶቫል ሊሆን ለጥቂት ነው የዳነው» አለ።

«ላንግሊ በል» አለ ቡፎርድ ላንግሊ።

ካርል ሬይ አልገባውም።

«ስቶቫል አትበል። የጣልኳት እኔ ነኝ። ሆሊስ ልክ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ላንግሊ በል።»

ጁዌል የቡናውን ማንቆርቆሪያ እንደያዘች ቆማ እንደነበር ነገረችኝ። ላንግሊ በማግስቱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአሥር ላይ ቢሮዬ መጥቶ ፈረመ። ብዕሩን ከመመለሱ በፊት ስሙ በመዝገቡ ላይ በግልጽ የሚጻፍ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ይጻፋል አልኩት። በእሺታ ራሱን ነቅንቆ ሄደ። ከቀትር በፊት መዝገቡን አረምኩ። በ1983ቱ ሰነድ ላይ አንድ መስመር ተሰርዞ አንድ መስመር ተጨመረ። ቅጂውን ለሚስ ኦዴሳ ወስጄ ሁለት ጊዜ አነበብኩላቸው፤ የሐኪም ቀጠሮ ወረቀታቸው ከተለጠፈበት የማቀዝቀዣ በር ላይ፣ ከጎኑ እንድለጥፈው ነገሩኝ።

በአባባሉ ላይ ግን ሥልጣን የለኝም። በቀጣዩ ጃንዋሪ ጁዌል ቤት አንድ ሰው ሹካ ወድቆበት «ስቶቫል» ሲል ሰምቻለሁ። ማንም አልሳቀም፣ ማንም አላረመውም፣ ሰውዬውም ምን እንዳለ የሰማ አይመስለኝም።

ፊልሙን ያየን ዕለት፣ ጃንዋሪ 28 ቀን 2019፣ አንዱን ምስክር ተቀብዬ ቢሆን ኖሮ ሆሊስ በማግስቱ ሚስ ኦዴሳ ደጅ ይደርሱ ነበር። የተሻለ ይሆን እንደነበር አላውቅም። ሴትየዋ የሰሙት ነገር ቀላል አይደለም። ግን ሁለቱም ለአሥር ወር ያህል የሚነጋገሩበት ጊዜ ይኖራቸው ነበር። ያገኙት ሁለት ቀን ነው። ሁለተኛው ቀን ዓርብ ነበር።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 15፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ ሆሊስ ሁለቱን ጆንያ በመኪናቸው ጭነው ከባቡር ሐዲዱ አጠገብ መሰንጠቂያው ወዳለበት የመኖ መደብር ወሰዱ። ሰልፍ ነበር፤ በዚያ ሳምንት ሁሉም ሰው ፒካኑን የሚያሰነጥቅበት ጊዜ ነው። የመደብሩ ባለቤት እንደሚለው አርባ ደቂቃ ያህል ቆመው ጠብቀዋል፣ ስለ ነገው ጨዋታ የጠየቃቸውንም ሁሉ መልሰዋል፤ ራስክ እግሩን ካረጋ ቢ ሊያገኝ ይችላል ብለዋል። ተራቸው ሲደርስ ስም ተጠየቁ፤ ኦዴሳ ስቶቫል ብለው አስመዘገቡ። የማሽኑ ድምፅ እስኪያቆም ጆሯቸውን ይዘው ቆሙ። ከዚያ የተሰነጠቀውን ይዘው ወደ ሚስ ኦዴሳ ቤት ተመለሱ። ጆንያዎቹን አንድ በአንድ በአራቱ ደረጃ ወደ በረንዳው አወጡ። ቅርፊቱ ወለሉን እንዳያቆሽሽ ሚስ ኦዴሳ ጋዜጣ አንጥፈው ነበር። ሁለተኛውን ጆንያ ከመጀመሪያው ጎን አቁመው፣ እንዳይዘነበል ወደ ግድግዳው አስጠጉትና አፉን በሲባጎ አሰሩት።